የማሕፀን በር ካንሰር ቀድሞ እንዲታወቅ መንገድ የከፈቱት ሐኪም

ዶክተር ጆርጅ ፓፓኒኮላው እ.ኤ.አ. በ1883 በግሪክ ኪሚ ከተማ ተወለዱ። በ1913 ከባለቤታቸው አንድሮማኪ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በኒው ዮርክም በኮርኔል የሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪ ሆኑ።

ከሴት ብልት የሚወሰዱ ሕዋሳት በወር አበባ ዑደት እንዴት እንደሚለዋወጡ ሲያጠኑ፣ ባለቤታቸው ለዓመታት የራሳቸውን ናሙና ሰጡ። ዶክተሩም በታማሚዎች ናሙና ውስጥ የካንሰር ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ ለዩ። ግኝቱን በ1928 ሲያቀርቡ ብዙ ሐኪሞች በጥርጣሬ ተመለከቱት። እርሳቸው ግን አልተዉትም፤ በ1943 ከማሕፀን ሐኪሙ ኸርበርት ትራውት ጋር ባሳተሙት መጽሐፍ የምርመራውን ጥቅም አስረዱ።

ዶክተሩ በ1962 ቢያርፉም፣ በስማቸው የሚጠራው የፓፕ ምርመራ ሴቶች ሕመሙ ሳይሰማቸው የሕዋስ ለውጡ ተገኝቶ እንዲታከሙና ከሞት እንዲተርፉ አስችሏል።