ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ የልጆች መካሪ

መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴ ሲነሡ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው ደጋውን፣ ብርዱን፣ ገብሱን፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ባና፣ በጦር ሜዳም ስም ያተረፉትን አባቶች ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን የታተመ መጽሐፍ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ ስለ ልጆች ጠባይ አስበው፣ ለልጆች የሚሆን ምክር ጽፈው ካሳተሙት ቀደምት ሰዎች አንዱ የተገኙት ከዚሁ አገር ነው። እኒህ ሰው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸውና በደራሲነታቸው ስማቸው በሰፊው የታወቀ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ በተለይ ልንመለከታቸው የወደድነው ልጆችን መምከር የዕድሜ ልክ ሥራቸው ያደረጉ ሰው በመሆናቸው ነው። በየቁምስናው ሕፃናትን የምታስተምሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከሕይወታቸው የምትወስዱት እንደማይጠፋ እናምናለን።

ኅሩይ ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ፣ ደን በተባለው ደብር ተወለዱ። ጊዜው ለካቶሊካውያን ቀላል አልነበረም። የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተደረገው በዚያው ዓመት ነው፤ በሸዋ ከአሥር ዓመት በላይ የቆዩት አቡነ ማስያስም ከጉባኤው በኋላ ብዙ ሳይቆዩ አገሩን ለቀው ለመውጣት ተገደዋል። ይህን የምናነሣው የቆየ ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። ኅሩይ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ታማኝ ልጅ ሆነው ኖረው ሞተዋል፤ የእርሳቸውን መልካም ሥራ በእኛ መጽሔት መመስከር ግን የወንድማማችነት ግዴታችን ነው።

አባታቸው ወልደ ሥላሴ ልጃቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዲማር አጥብቀው ይመኙ ነበርና ለመምህር ሰጧቸው። በዚያ ዘመን በመርሐ ቤቴም ሆነ በመንዝ ለሕፃን የተከፈተው ትምህርት ቤት የደብሩ ግቢ ብቻ ነበር። ልጁ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ይደግማል፤ ከዚያ ወዲያ ዜማና ቅኔ ፍለጋ አገር ለአገር ይዞራል። በዚህ ትምህርት ውስጥ ጠባይ ለብቻው ሰዓት ተመድቦለት የሚሰጥ ነገር አልነበረም። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ መምህርን ማገልገል፣ የለመኑትን ቁራሽ ከጓደኛ ጋር ተካፍሎ መብላት፣ እነዚህ ሁሉ ትምህርቱ ራሱ ነበሩ። አባታቸው ግን ገና በልጅነታቸው ሞቱባቸው። ኅሩይም ራሳቸውን እየረዱ መማር ግድ ሆነባቸው። ኋላ የአባትን ምክር በመጽሐፍ ያሰፈሩት እኒህ ሰው የራሳቸው አባት ምክር ሳይጠገብ የተቋረጠባቸው ነበሩ ማለት ነው።

ወደ እንጦጦ ወጥተው በራጉኤል ትምህርታቸውን ቀጠሉ፤ በጸሐፊነትም ወደ ቤተ መንግሥት ሥራ ገቡ። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ የጊዮርጊስ 5ኛ ዘውድ ሲደፋ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ የመሩትን መልእክተኛ ተከትለው አውሮፓን አዩ። ወዲያው በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ። እንግዲህ ከባሕር ማዶ የተመለሱት የሌላውን አገር ብልጽግና ሲያወሩ ለመኖር ሳይሆን በራሳቸው አገር ያለውን ሀብት ለመቁጠር ነበር። ከዚያም የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሹም፣ ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሰዎች የሚካሰሱበት የልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ በመጨረሻም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ይህ የሹመት ታሪክ በሌላ ቦታ በሰፊው ስለ ተጻፈ እዚህ ላይ አንዘገይበትም።

በዚያው ዘመን በአገራችን አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ከግብፅ የመጡ መምህራን የውጭ ቋንቋዎችን ማስተማር ጀመሩ። ልጁ ከደብሩ ግቢና ከወላጆቹ ምድጃ ርቆ አዲስ ነገር ይማራል። ታዲያ ጠባዩን የሚያርመው ማን ነው? አንዳንዱ አዲሱ ትምህርት ልጆችን ያበላሻል ብሎ ጨርሶ ሸሸው። ሌላው ደግሞ ቋንቋ ካወቁ ይበቃል አለ። ኅሩይ ከሁለቱም ጋር አልተስማሙም። አዲሱን ትምህርት አጥብቀው ደገፉ፤ ነገር ግን የአባት ምክር ከልጁ ጋር አብሮ ወደ ትምህርት ቤት መግባት እንዳለበት ተረዱ። አባት ሁልጊዜ ከልጁ ጋር መሄድ ስለማይችል፣ አንዳንዱም ልጅ እንደ እርሳቸው አባቱ ቀድሞ ስለሚሞትበት፣ ምክሩ በመጽሐፍ መግባት ነበረበት።

በ1910 ዓ.ም. የታተመው ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ የተሰኘው መጽሐፋቸው የዚህ አሳብ ፍሬ ነው። የመጽሐፉን ስም ቀስ ብሎ ላነበበው በውስጡ ትልቅ ነገር አለበት። በአገራችን ልማድ የሟች አባት መታሰቢያ ተዝካር ነው፤ በሬ ይታረዳል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ድሃው ቤተሰብ እስኪከብደው ድረስ ይበደራል። ኅሩይ ግን ነገሩን አዞሩት። ለልጅ የተሰጠው ምክር ራሱ የአባት መታሰቢያ ነው፤ አባት የሚታሰበውም በልጁ አኗኗር ነው። ይህ በአጋጣሚ የመጣላቸው አሳብ እንዳልሆነ የሚያስረዳን በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት ሐዲስ ዓለም የተባለው ልብ ወለድ ነው። በዚያ ታሪክ ዐወቀ የተባለ ወጣት በአውሮፓ ተምሮ ወደ ሸዋ ሲመለስ ዘመዶቹ ለሟች አባቱ ታላቅ የተዝካር ድግስ እንዲደግስ ያስጨንቁታል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ደራሲው ያንኑ ጥያቄ ይዘው ቆይተዋል ማለት ነው።

በምክሩ መጽሐፍ ውስጥ የሚናገረው መምህር ሳይሆን አባት ነው፤ የሚሰማውም ተማሪ ሳይሆን ልጅ ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት ለእኛ ብዙ ነው። በየሳምንቱ ሕፃናትን ሰብስበን ትእዛዛቱን በቃል እናስጠናለን፤ ልጁ አንድም ቃል ሳያስቀር ይወጣዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንደ ወጣ ግን ታናሹን ይመታል። ጉድለቱ ከትእዛዛቱ አይደለም፤ ያጠናው ቃል የሚወደውን ሰው ድምፅ ይዞ ስላልደረሰው ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1958 ዓ.ም. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው ሰነድ የልጆች የመጀመሪያዎቹና ዋነኞቹ መምህራን ወላጆች መሆናቸውን አስተምሯል። የመርሐ ቤቴው ሰው ይህን ከቤታቸውና ከእጦታቸው ተምረውታል።

በ1915 ዓ.ም. ሁለት መጻሕፍት አወጡ። አንዱ ወዳጄ ልቤ ይባላል፤ የሰውን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ የሚገልጽ ነው። ጆን ቡንያን ከጻፈው፣ በአማርኛም የክርስቲያን መንገድ ተብሎ ከተተረጐመው መጽሐፍ መንፈስ እንደ ተነሣ የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። በዚህ መጽሐፍ ሰው ከገዛ ልቡ ጋር እንደ ጓደኛ ይነጋገራል። ልጆችን ለምሥጢረ ንስሐ የምታዘጋጁ መምህራን የኅሊና ምርመራን ለሕፃን ማስረዳት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ታውቃላችሁ። ከልብህ ጋር ተነጋገር ሲባል ግን ልጁ ይገባዋል።

ሁለተኛው የሕይወት ታሪክ የተባለው ሲሆን ያለፉ ሰዎችን ታሪክ በአጭር በአጭሩ የያዘ ነው። ደራሲው ይህን መጽሐፍ የጻፉት በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን መሆኑን በርእሱ ላይ ገልጸዋል። ቤተ ክርስቲያናችን የቅዱሳንን ገድል ለልጆች የምታስነብበው ስለዚሁ ነው፤ ልጅ ትሕትና ምን እንደ ሆነ ከትርጓሜው ይልቅ ትሑት ከሆነ ሰው ታሪክ ቶሎ ይረዳል።

በ1923 ዓ.ም. ደግሞ የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ የሚተርከውን የልቤ ሐሳብ የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። እዚህ ላይ የልጅነት ጋብቻን ይነቅፋሉ። በደጋው አገራችን ሴት ልጅን ገና በሕፃንነቷ መዳር እንደ ክብር ይቆጠር በነበረበት ዘመን፣ የቤተ ክርስቲያንን ልማድ ጠንቅቆ የሚያውቅ ትልቅ ሹም ይህን መጻፉ ድፍረት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ያደረገው ከእርሳቸው መጽሐፍ ሰባ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ሕጉ ወጥቶም ቢሆን ልማዱ ከገጠራችን ፈጽሞ እንዳልጠፋ እናንተ ራሳችሁ ታውቃላችሁ። ከትምህርተ ክርስቶስ ክፍል በድንገት የቀረች ልጅ ምን እንዳገኛት መጠየቅም የመምህሩ ሥራ ነው።

እኒህን ታላቅ ሰው ስናመሰግን ጉድለታቸውን መሸፈን አይገባንም። ኅሩይ የቤተ መንግሥት ሰው ነበሩ፤ ለንጉሥ መታዘዝን ከመልካም ጠባይ ጋር አንድ አድርገው ያዩ ነበር። የተሳሳተን ሹም ልጅ አድጎ እንዴት ሊናገረው እንደሚገባ ከእርሳቸው ብዙ አንማርም። በምክር መጽሐፋቸውም የአባት ቃል የሚነገረው በይበልጥ ለወንድ ልጅ ነው። የጽዮን ሞገሳ ታሪክ ይህን በከፊል ይክሳል እንላለን፤ በሙሉ ግን አይክሰውም።

በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው የዚያን አገር ነገር ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በሚል ርእስ ጻፉ። የሳባቸው ፋብሪካው ብቻ አልነበረም፤ አዲሱን ጥበብ ተምሮ የአባቶቹን ሥርዓት ያልጣለ ሕዝብ ማየታቸው ነበር። ለአገራቸው ልጆችም የተመኙት ይህንኑ ነው።

የራሳቸውን ልጆችም በዚሁ መንገድ አሳደጉ፤ ወደ እንግሊዝ አገር ልከው አስተማሯቸው። ዋጋው ግን ከባድ ሆነ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ኅሩይ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ተሰደዱ። በማተሚያ ቤት የነበረው ትልቁ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው በወራሪው እጅ ጠፋ፤ ለኅትመት የበቃው ከሰባ ዓመት በኋላ በ1999 ዓ.ም. ነው። ተምሮ አገሩን ለማገልገል የተመለሰው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በኢጣልያኖች ከተገደሉት ወጣት ምሁራን አንዱ ሆነ። ለልጅ ምክር የጻፉት አባት የልጃቸውን ሞት በስደት ሆነው ሰሙ። መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በቀብራቸው ላይ ተገኝተው ስለ እርሳቸው ተናገሩ።

ከነፃነት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደ ገና ሲከፈቱ የጠባይ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን እንዲመሩ የተጠሩት አባ ሉስየን ማትና ጓደኞቻቸው የካናዳ ኢየሱሳውያን ነበሩ። የካህን ልብሳቸውን ትተው፣ ማንንም ወደ እኛ ሥርዓት ለመሳብ ሳይሞክሩ፣ በአብዛኛው ኦርቶዶክሳውያን የነበሩትን ልጆች በሥርዓት አሳደጉ። ግብረ ገብም በንጉሡ ዘመን እንደ አንድ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ቦታውን የፖለቲካ ትምህርት ወሰደው፤ በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ የሥነ ዜጋና የሥነ ምግባር ትምህርት ተተካ፤ በ2010ዎቹ በተሻሻለው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ግብረ ገብ በስሙ ወደ አንደኛ ደረጃ ተመልሷል። መጽሐፉ በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ ልጁ ግን በየዘመኑ አስቀድሞ የሚያየው በፊቱ የቆመውን መምህር ነው።

ከኅሩይ ልጆች ሌላው ሲራክ ኅሩይ በኦክስፎርድ ተምረው ነበር። ከነፃነት በኋላ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ስለ ራስላስ የጻፈውን መጽሐፍ በአማርኛ ተርጉመው አሳተሙ። የመጽሐፉ ታሪክ አንድ የኢትዮጵያ መስፍን ከተዘጋ ሸለቆ ወጥቶ ሰው በዚህ ዓለም እንዴት ሊኖር እንደሚገባው እየዞረ ሲጠይቅ የሚያሳይ ነው።