ረሃብን ሊያጠፋ ተነስቶ በረሃብ የሞተው ሰው

ስለ ዘር ውርስ ሲነሳ ሁላችንም የምናስታውሰው የሜንዴልን አተር ነው። ረጅምና አጭር፣ ክብና የተጨማደደ እያልን ሠንጠረዥ ሞልተን ፈተና አልፈናል። ከሜንዴል ጎን ሊጠራ የሚገባው ሌላ ሰው ግን አለ። ያውም የእኛን አገር ማሳ በበቅሎ የዞረ ሰው፤ ኒኮላይ ቫቪሎቭ። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቫቪሎቭ በ1887 ሞስኮ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ከድሃ የገጠር ቤተሰብ ወጥቶ ነጋዴ የሆነ ሰው ነበር። ልጁ ግን ንግዱን ትቶ ግብርና ተማረ። ቀጥሎም እንግሊዝ ሄዶ ጄኔቲክስ የሚለውን ስያሜ ያወጣው ዊልያም ቤትሰን ዘንድ ሠራ። ያኔ ራሺያ ድርቅና ረሃብ የሚመላለሱባት አገር ነበረች።

የቫቪሎቭ ሐሳብ ሲነገር ቀላል ነው። ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ዘር ከሆነ አንድ በሽታ ሁሉንም ጠራርጎ ይወስደዋል። ዘሩ የተለያየ ከሆነ ግን አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል። እኛ ኢኮኖሚክስ የተማርን ሰዎች ስጋትን መበታተን የምንለው እኮ ይኸው ነው! ስለዚህ ከሰብሎች መካከል ከፍተኛው ልዩነት የት እንዳለ ፈልጎ መሰብሰብ ያስፈልጋል አለ።

በ1920 ደግሞ አንድ ሕግ አቀረበ። ዝምድና ያላቸው ተክሎች ተመሳሳይ የልዩነት ረድፍ ያሳያሉ የሚል ነው። በአንዱ ስንዴ ላይ የታየ ባሕርይ በዘመዱም ላይ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ለምሳሌ ከዛላው ላይ ያ ሾጣጣ ፀጉር የሌለው የዳቦ ስንዴ ካለ፣ እንዲህ ያለ የማካሮኒ ስንዴም የሆነ ቦታ መኖር አለበት።

የሆነ ቦታ የተባለው የት ተገኘ? እኛ ጋ!

ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር አዲስ አበባ ገባ። ራስ ተፈሪ ተቀበሉት፤ ፈቃድም ሰጡት። ከዚያ በበቅሎ ጎንደርን፣ አክሱምን እያለ እስከ አስመራ ተጓዘ፤ በየመንገዱም የገብስ፣ የስንዴ፣ የጤፍ ዘር ሰበሰበ። ነጭ፣ ጥቁር፣ ሰርገኛ እያልን በየገበያው የምናልፈው ነገር ለእሱ ሀብት ነበር። ስንዴና ገብስ መጀመሪያ የተላመዱት በመካከለኛው ምሥራቅ መሆኑ ኋላ ቢታወቅም፣ ደጋና ቆላው ከገበሬው ምርጫ ጋር ሆኖ እዚህ ያን ሁሉ ልዩነት ፈጥሯል። ዝግመተ ለውጥ በማሳ ላይ ሲታይ እንዲህ ነው።

በዚህ መልክ ሌኒንግራድ ያለው ተቋሙ ከ200 ሺህ በላይ ናሙናዎች አከማቸ።

ችግሩ የመጣው ከቤት ነው። ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ ባለሙያ ተነስቶ የዘረመል ሳይንስ የቡርዧ ነው፤ ተክል በአካባቢው ያገኘውን ለውጥ ለልጁ ያወርሳል አለ። ፈጣን ምርትም ቃል ገባ። ቫቪሎቭ አዲስ ዝርያ ለማውጣት ዓመታት ያስፈልጋሉ ሲል ሊሴንኮ ጊዜውን በጣም አሳጠረው። ስታሊን የፈለገው ደግሞ ፈጣኑን ነበር። ቫቪሎቭ አቋሙን አልቀየረም። ነሐሴ 1940 ዩክሬን ውስጥ ዘር እየሰበሰበ ሳለ ተያዘ። ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱ ወደ 20 ዓመት እስር ቢቀየርለትም ጥር 1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተጎድቶ ሞተ። 55 ዓመቱ ነበር።

በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ነበር። የተቋሙ ሠራተኞች በሩዝና በስንዴ መካከል ተቀምጠው ዘሩን ሳይበሉ በረሃብ ሞቱ። ሰው ለነገ ሲል ዛሬውን እንዲህ ሲሰጥ ማሰብ ይከብዳል።

ስሙ የታደሰው በ1955 ነው። የሊሴንኮ ትምህርት ግን የሶቪየትን ባዮሎጂ ለዓመታት ወደኋላ ጎትቶ ነበር።

ለእኛስ? አዲስ አበባ ውስጥ በ1976 የተቋቋመው የዘር ባንክ የዚሁ ሐሳብ ልጅ ነው። የካሊፎርኒያን ገብስ ከአደገኛ የቫይረስ በሽታ የታደገው ዘረመል የተገኘውም ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። አያቶቻችን ሳያውቁት ለዓለም ዋስትና ገዝተዋል ማለት ይቻላል።

የባዮሎጂ መምህራን፣ እስቲ ይህን ሞክሩት። ከአንድ ዛላ የወጣ ገብስ ከፊሉን ፀሐይ ላይ፣ ከፊሉን ጥላ ሥር ዝሩ። ቁመታቸው ይለያያል። ከሁለቱም የተገኘውን ዘር በሚቀጥለው ወቅት ጎን ለጎን አንድ ቦታ ዝሩና ልጆቹ ይለኩት። ልዩነቱ አብሮ ካልተወረሰ፣ ሊሴንኮ በሥልጣን ያሸነፈውን ክርክር ቫቪሎቭ በትምህርት ቤት ጓሮ ይረታል። ወጪው አንድ እፍኝ ገብስና ትዕግሥት ብቻ ነው።