ሞተሩን ቀዶ ያነጠፈው ሰውዬ

ባለፈው ሳምንት፣ መተኛት በሚገባኝ ሰዓት ስልኬን ስጎረጉር አንድ ያረጀ ቪዲዮ ላይ ወደቅሁ። አንድ እንግሊዛዊ ፕሮፌሰር ላቦራቶሪ ውስጥ ቆሟል። ፊቱ የሽቦ ጥቅልሎች ተደርድረው የተሠራ ረጅም መደብ አለ። ማብሪያውን ሲያበራ ከመደቡ በላይ ያስቀመጠው የአሉሚኒየም ዝርግ ብድግ ይልና ምንም ሳይነካ እየተንሳፈፈ ወደ ፊት ይሄዳል። ገመድ የለ፣ ጎማ የለ። መጀመሪያ ኤዲት የተደረገ መስሎኝ ነበር። ቪዲዮው ግን በ1970ዎቹ የተቀረፀ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)።

ሰውዬው ኤሪክ ሌይዝዌት ይባላል። በ1997 ነው የሞተው፤ ይህን ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ ያኔ አልተወለዳችሁም። እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፣ ከሞተር ጋር ያለኝ ትውውቅ ከወፍጮ ቤት ደጃፍ አያልፍም። ግን የዚህን ሰው ታሪክ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ሌይዝዌት የተወለደው ሰኔ 14 ቀን 1921 አተርተን በምትባል የላንካሻየር ከተማ ነው። ላንካሻየር ማለት ለእንግሊዝ የጥጥና የሽመና አገር ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1941፣ አየር ኃይል ገባና ፋርንቦሮ በሚገኘው የአውሮፕላን ምርምር ተቋም አውሮፕላን በራሱ እንዲበር የሚያደርጉ መሣሪያዎች ላይ ሠራ። ጦርነቱ ሲያልቅ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ተማረ፣ እዚያው ማስተማር ጀመረ።

ማንቸስተር ውስጥ የያዘው ጉዳይ ለእኛ እንግዳ አይደለም፦ የሸማኔ መወርወሪያ። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ካያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ማጉን ይዞ በድሩ መሀል ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚመላለሰው ነገር። በፋብሪካ ማሽን ላይ ይህ መወርወሪያ በኃይል እየተመታ ይወነጨፋል፣ ወዲያ ጫፍ ሲደርስ ደግሞ በድንገት መቆም አለበት። ያ ሁሉ ምት ድምፅ ነው፣ ስብራት ነው፣ ብክነት ነው። ሌይዝዌት ሳይመታው በማግኔት ቢገፋውስ ብሎ አሰበ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። የወፍጮ ቤቱን ሞተር አስቡት። ዙሪያውን የማይንቀሳቀስ ቀለበት አለ፣ በሽቦ የተጠመጠመ። መሀሉ ላይ የሚሽከረከር ብረት አለ። ባለ ሦስት ፌዝ ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ቀለበቱ ውስጥ የማግኔት ኃይል ክብ እየሠራ ይዞራል። ያ የሚዞር ኃይል መሀል ያለው ብረት ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፣ ኤሌክትሪኩም ብረቱን በተራው ማግኔት ያደርገዋል፤ ስለዚህ ተከትሎ ይዞራል። ኢንዳክሽን ሞተር የሚባለው ይኸው ነው። አሁን ደግሞ ቀለበቱን በአንድ በኩል ቅደዱትና እንደ ሰሌን አንጥፉት። ይዞር የነበረው የማግኔት ኃይል መዞሪያ ሲያጣ በቀጥታ መስመር ይሮጣል። ላዩ ላይ አሉሚኒየም ካስቀመጣችሁ አሉሚኒየሙ አብሮ ይሮጣል። ሊኒየር ኢንዳክሽን ሞተር ይህ ነው። ከሚንቀሳቀሰው ነገር ጋር በጥርስም በሰንሰለትም አይያያዝም።

ሐሳቡ የሌይዝዌት ፈጠራ አይደለም። ቻርልስ ዊትስቶን የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ በቀጥታ የሚሄድ ሞተር ሞክሯል፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያም ለባቡር እንዲሆን የባለቤትነት መብት ወጥቶበት ነበር። ግን ተረስቶ ነበር። የሌይዝዌት ሥራ የተጣለውን አንሥቶ ሒሳቡን በትክክል መሥራት ነው። አንድ ሞተር ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ የሚለካበትን ቀመር አወጣና ስሙን በቀላሉ ጥሩነት አለው፤ በእነሱ አጠራር ጉድነስ ፋክተር። ከቀመሩ የሚወጣው መልስ ደግሞ ለመወርወሪያው መጥፎ ዜና ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ትንሽ ሲሆን ደካማ ነው፣ ሲተልቅ ነው የሚበረታው። ስለዚህ ዓይኑን ወደ ባቡር አዞረ።

በ1964 ለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የከባድ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ፕሮፌሰር ሆነ። በ1966 ደግሞ በአገሩ ትልቅ ክብር ያለውን፣ ሮያል ኢንስቲትዩሽን በየገና በዓሉ ለወጣቶች የሚያዘጋጀውንና በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ትምህርት ሰጠ። አስተማሪ ነበር፣ ምን አለፋችሁ፤ ቪዲዮዎቹን ፈልጉና እዩ።

አሁን ወደ ባቡር እግር እንሂድ። የሚገርመው ነገር እዚህ ነው ያለው።

ከፉርጎው ሥር ጎማዎቹን የሚይዝ ፍሬም አለ፣ ቦጊ ይባላል። የባቡር ጎማ ከመኪና ጎማ ይለያል፤ ሁለቱ ጎማዎች ከአንድ አክስል ጋር ተበይደው ያሉ ያህል ስለሆኑ እኩል ነው የሚዞሩት። ታዲያ ኩርባ ላይ የውጭኛው ጎማ ረጅም መንገድ እየሄደ እንዴት እኩል ይዞራሉ? መልሱ ቅርጹ ላይ ነው። የጎማው ፊት ወደ አንድ ጎን ሾጠጥ ያለ ነው። ስኒ ወለል ላይ ብታንከባልሉ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ይታጠፋል፤ ባቡሩም በዚሁ ዘዴ ይታጠፋል። ግን ዘዴው ዋጋ አለው። ፍጥነት ሲጨምር ያው ቅርጽ ጎማዎቹን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ሐዲዱን ያስደበድባቸዋል። በ1960ዎቹ ብዙ መሐንዲሶች ጎማ ከዚህ በላይ አያስኬድም ብለው ተስፋ ቆርጠው ነበር።

ጎማ ካልሆነ ምን ይሁን? በአየር ትራስ ላይ የሚንሳፈፍ ባቡር። እንግሊዝ በመንግሥት ገንዘብ ትራክድ ሆቨርክራፍት የሚባል ኩባንያ አቋቁማ ካምብሪጅሻየር ውስጥ ኢሪዝ አጠገብ የኮንክሪት መስመር ሠራች። የሚንሳፈፍ ነገር መሬቱን ረግጦ ራሱን መግፋት አይችልምና የሌይዝዌት ሞተር የግድ አስፈለገ። እሱም የፕሮጀክቱ አማካሪ ሆነ። ብዙ ዓመት ወረቀት ላይ የነበረው ነገር ኮንክሪት ላይ ወጣ ማለት ነው።

የካቲት 7 ቀን 1973 የሙከራ ባቡሩ በሰዓት 104 ማይል፣ ማለትም 167 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጠ። ያውም ነፋስ ከፊት እየገፋው።

ከአንድ ሳምንት በኋላ መንግሥት ፕሮጀክቱን ዘጋው።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። አንድ ሳምንት! ቆይቼ ግን የተማርኩት ትምህርት ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። በዚያው ጊዜ ደርቢ ከተማ የእንግሊዝ ምድር ባቡር የምርምር ክፍል ውስጥ ሌሎች መሐንዲሶች ያንን የጎማ መወዛወዝ እንደ ዕጣ ፈንታ ሳይሆን እንደ ሒሳብ ጥያቄ ይዘውት ነበር። የጎማውን ቅርጽ፣ የስፕሪንጉን ጥንካሬና የቦጊውን አያያዝ አንድ ላይ አስልተው መወዛወዙ የሚጀምርበትን ፍጥነት ወደ ላይ ገፉት። ሆቨርክራፍቱ በተዘጋ በአራተኛው ወር፣ ሰኔ 1973፣ በተራ ሐዲድ ላይ የሚሄድ በናፍጣ የሚሠራ ባቡር በሰዓት 143 ማይል፣ 230 ኪሎ ሜትር ሄደ። በ1976 የዚሁ ዓይነት ባቡር በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሰው ማመላለስ ጀመረ። ሐዲዱ አስቀድሞ ተነጥፏል፣ ጣቢያው ተሠርቷል። ለተንሳፋፊው ግን አገሩን ሁሉ አዲስ ኮንክሪት መዘርጋት ሊኖር ነው። እኔ ገንዘብ ያዡ ብሆን ኖሮ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዘጋው ነበር። እሱ ፊት ቆሜ መንገር ነው የማልችለው።

ሌይዝዌት ግን ቁጭ አላለም። ከባልደረባው ፍሬድ ኢስተም ጋር የአየር ማራገቢያውን ጭራሽ የሚያስቀር ነገር ሠራ፤ ያው አንዱ ሞተር ዝርጉን አንሥቶም፣ መሀል ላይ ይዞም፣ ገፍቶም እንዲሄድ። የማግኔት ወንዝ ብሎ ጠራው። ሌሊት ላይ ያየሁት ቪዲዮ ይህ ነበር።

ከዚያ ሕይወቱን ለሁለት የከፈለው ነገር መጣ። በ1974 ሮያል ኢንስቲትዩሽን በድጋሚ ጋበዘው፣ በዚህ ጊዜ ለትልልቆቹ ሳይንቲስቶች። እሱ ስለ ሞተር አላወራም። ጃይሮስኮፕ፣ ማለትም እንደ እንዝርት እየሾረ ሚዛኑን የሚጠብቅ ከባድ ጎማ ይዞ መጣ። ሲሾር ይቀላል፣ የኒውተን ሕግ እዚህ ላይ የጎደለው ነገር አለ አለ፤ ያውም በኒውተን አገር፣ በዚያ አዳራሽ።

ስህተት ነበር። የሚሾር ጎማ በረጅም ዘንግ ጫፍ ስትይዙት ወደ ታች ከመውደቅ ይልቅ ወደ ጎን ይዞራል፤ ክንዳችሁን ስለማይጠመዝዘው የቀለለ ይመስላል። ከነሰውዬው ሚዛን ላይ ብታስቀምጡት ግን ክብደቱ ያው ነው። ኋላ ላይ ራሱም ጃይሮስኮፕ የኒውተንን ሕግ እንደሚያከብር ተቀበለ። ግን ረፍዶ ነበር። ተቋሙ ያን ንግግር ሳያሳትመው ቀረ። የሮያል ሶሳይቲ አባልነትም፣ ለእሱ ዓይነት ሰው የሚጠበቀው ማዕረግ፣ እስኪሞት አልመጣለትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሰው ቢራቢሮና የእሳት እራት ሰብሳቢ ነበር፤ ስለ እነሱ መዝገበ ቃላት እስከ ማሳተም ደርሷል። በ1960 ሴቷ የእሳት እራት ወንዱን ከሩቅ የምትጠራው በሽታ ሳይሆን በጨረር ነው የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። እሱም ስህተት ነበር፤ ሽታ ነው። ለዚያ ስህተት ግን ስሙን ያጠፋው የለም። በትርፍ ጊዜ ሥራህ ብትሳሳት ማንም አይቆጣም። በዋናው ሙያ ያገኘኸውን ስም ይዘህ ሌላ ቤት ገብተህ ስትሳሳት ነው ዕዳው የሚመጣው። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ ተከራከሩኝ።

ሞተሩስ? ሞተሩ ማንም ባልጠበቀው በር ተመልሶ ገባ። በ1984 በርሚንግሃም ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ባቡር ጣቢያው 600 ሜትር ብቻ በማግኔት የሚንሳፈፍ ባቡር ተከፈተ፤ የሚገፋው ሊኒየር ሞተር ነበር። 11 ዓመት ሠራና መሣሪያው አርጅቶ በ1995 ተዘጋ። ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም።

ዋናው፣ ካናዳውያን ሞተሩን ወስደው ከጎማ ጋር አጋቡት። በተራ ባቡር ጎማው ሁለት ሥራ አለው፦ መሸከምና መግፋት። ለመግፋት ሞተርና ጊርቦክስ ከአክስሉ ጋር ይታሰራሉ፣ ቦጊውም ይገትራል፤ ኩርባ ላይ አክስሉ እንደ ልቡ አይዞርም፣ ጎማው ሐዲዱን እየፋቀ ያፏጫል። በቀላል ባቡር የተሳፈራችሁ ይህን ፉጨት ታውቁታላችሁ። ሊኒየሩ ሞተር ግን በሁለቱ ሐዲዶች መሀል የተዘረጋውን ዝርግ ነው የሚገፋው። ጎማው ከመግፋት ነፃ ወጣ። ያኔ አክስሉን ከኩርባው ጋር እንዲታጠፍ አድርጎ መሥራት ቀለለ፣ ዝናብና በረዶም ጎማውን አሾልኮ ባቡሩን አያስቀረውም። በዚህ ዘዴ ቶሮንቶና ቫንኩቨር በ1985 መስመር ከፈቱ። የቶሮንቶው በ2023 አንድ ፉርጎ ሐዲድ ከሳተ በኋላ አልተመለሰም፤ የቫንኩቨሩ ዛሬም ያለ ሹፌር ይሄዳል። ኒውዮርክ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ ያረፈ ዘመድ ካላችሁ፣ ከተርሚናል ተርሚናል የወሰደው ባቡር የዚሁ ዘር ነው።

እንደ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ልቤን የነካው ግን የጃፓኑ ነው። ሊኒየር ሞተር መብራት ይበላል። በተራ ሞተር ውስጥ በሁለቱ ብረቶች መሀል ያለው ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በሚሮጥ ባቡር ሥር ግን አንድ ሴንቲ ሜትር አካባቢ መተው አለበት፣ በዚያ ክፍተት ኃይል ይባክናል። ታዲያ ለምን ይገዛል? ሞተሩ ጠፍጣፋ ስለሆነ። ጠፍጣፋ ሞተር ማለት ትንሽ ጎማ፣ ዝቅ ያለ ወለል፣ ጠባብ ዋሻ ነው። የዋሻ አፈር ደግሞ ከስፋቱ በላይ ነው የሚቀንሰው፤ ስፋቱን በአንድ አምስተኛ ብታሳንሱ የሚቆፈረው አፈር ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። ኦሳካ በ1990፣ ከዚያ ቶኪዮ ኦኤዶ በሚባለው መስመር ይህን ሒሳብ ሠሩ። የኦኤዶ መስመር በ2000 ሲጠናቀቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ነበረው፣ ከሌሎቹ መስመሮች ሥር በጥልቅ የተቆፈረ። ለመብራት የበለጠ ከፈሉ፣ ለቁፋሮ ያነሰ። ሌይዝዌት ሞተሩን ለፍጥነት ነበር ያሰበው። ገበያው ግን ለቁመቱ ማጠር ገዛው።

በ1986 ከኢምፔሪያል ኮሌጅ ጡረታ ወጣ፤ በዚያው ዓመት የዓለም የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር በኒኮላ ቴስላ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ሸለመው። ጃይሮስኮፑን ግን እስከ መጨረሻው አልተወውም። ኅዳር 27 ቀን 1997 ሞተ።

የ1973ቱ ባቡር አልተሰባበረም። ፒተርቦሮ ከተማ ሬይልወርልድ የሚባል ሙዚየም አለ፣ ግቢው ውስጥ በቁራጭ ኮንክሪት መስመር ላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ትናንት ስልኬ ላይ በካርታው ፈልጌ አገኘሁት። ከአጠገቡ የሚያልፈው የባቡር መስመር ከለንደን ወደ ሰሜን የሚወስደው ዋናው መስመር ነው፤ ባቡሮቹ በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይበራሉ፣ በጎማ።