ያልጨረሰው ሽጉጥ፦ የጆን ብራውኒንግ ታሪክ

ይሄን ፅሁፍ የምታነቡበትን ስልክ እንዴት እንደያዛችሁት እስቲ አንዴ ተመልከቱ። አራት ጣት ከኋላ፣ አውራ ጣት ከፊት። ስልኩ ትንሽ ሰፋ ቢል አውራ ጣታችሁ ጫፍ ድረስ አይደርስም፤ ትንሽ ወፈር ቢል ደግሞ እጃችሁ በደንብ አይጨብጠውም። ይሄን ልክ ቁጭ ብሎ ያሰበበት ሰው አለ።

ከመቶ ዓመት በፊት በሽጉጥ ላይ እንዲህ ሲጨነቅ የኖረ አንድ አሜሪካዊ ነበር። ጆን ሞዝስ ብራውኒንግ ይባላል። ዛሬ በየአገሩ ፖሊሶችና ወታደሮች ወገባቸው ላይ የሚይዟቸው፣ ገላቸው ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሰራ ሽጉጦች አብዛኞቹ የሚሰሩት በእሱ ሃሳብ ነው። እሱ ግን አንዳቸውንም አላየም። የመጨረሻ ሽጉጡን እንኳን ሳይጨርስ ነው የሞተው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብራውኒንግ በ1855 ዩታ ውስጥ ኦግደን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆናታን ጠመንጃ ሰሪ ነበር። የሞርሞን እምነት ተከታይ፣ ሦስት ሚስቶችና 22 ልጆች የነበሩት ሰው። ቤቱ በልጅ የተሞላ፣ ሱቁ ደግሞ በተሰበረ ጠመንጃ የተሞላ። ጆን ያደገው እዛ ሱቅ ውስጥ ነው። ገና ልጅ እያለ ከወዳደቀ ብረት የራሱን ጠመንጃ ሰርቷል።

ኮሌጅ የሚባል ደጃፍ አልረገጠም። ምህንድስና የተማረው ሰዎች ሊያስጠግኑ ያመጡትን ጠመንጃ እየፈታ፣ የቱ ጋር እንደተሰበረና ለምን እንደተሰበረ እያየ ነው። ለጥገና የሚመጣ እቃ ስህተቱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ለሚያይ ሰው ከዛ የተሻለ አስተማሪ የለም። በኋላም ቢሆን ወረቀት ላይ ንድፍ ከመሳል ይልቅ እቃውን በብረት ሰርቶ በእጁ ይዞ ማየት ነበር የሚቀናው።

1879 ለእሱ ከባድም ጥሩም ዓመት ነበር። አባቱ ሞተ፣ እሱ አገባ፣ የመጀመሪያ ፈጠራውንም በስሙ አስመዘገበ። አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ቀላል ጠመንጃ ነው። ከወንድሞቹ ጋር ኦግደን ውስጥ ትንሽ ፋብሪካ ከፍተው እየሰሩ መሸጥ ጀመሩ። ወሬው ዊንቸስተር ጆሮ ደረሰ። በ1883 የኩባንያው ኃላፊ ከምስራቅ አሜሪካ ተነስቶ ኦግደን ድረስ መጣና የጠመንጃውን መብት በ8,000 ዶላር ገዛው። ከዛ በኋላ ለሃያ ዓመት ገደማ ዊንቸስተር የብራውኒንግን ሃሳብ እየገዛ ኖረ። በካውቦይ ፊልሞች ላይ ከምታዩአቸው ጠመንጃዎች ብዙዎቹ የእሱ ናቸው።

ወደ ሽጉጥ የወሰደው ነገር ግን ሌላ ነው። በ1889 አካባቢ ሰዎች ኢላማ ሲተኩሱ እያየ፣ ከአፈሙዙ የሚወጣው የጭስ ግፊት ከፊት ያለውን ሳር ሲያስተኛው አስተዋለ። ሌላው ሰው ሳር ሲወዛወዝ ነው ያየው። እሱ የሚባክን ጉልበት አየ። ይሄ ጉልበት ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ቀጣዩን ጥይት ለምን አያጎርስም?

በጊዜው ሽጉጥ ማለት ሪቮልቨር ነው፤ መሃሉ ላይ የሚሽከረከር በርሜል መሳይ የጥይት ቤት ያለው። በራሳቸው የሚያቀባብሉ ሽጉጦች አውሮፓ ውስጥ መሰራት ቢጀምሩም ለእጅ አይመቹም ነበር። አንዱ ከኋላው ተንጠልጥሎ የሚከብድ፣ ሌላው እጀታው የመጥረጊያ እንጨት የሚመስል። ብራውኒንግ ከላይ አፈሙዙን የሚሸፍን ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት ብረት፣ ከታች ደግሞ የጥይት ካዝናውን ውስጡ የያዘ እጀታ አደረገ። የፈጠራ መብቶቹን ያገኘው በ1897 ነው። ዛሬ ሽጉጥ ሳሉ ብትባሉ የምትስሉት ቅርፅ ይሄ ነው።

በዚያው ዓመት ቤልጂየም ኸርስታል ውስጥ ካለው የኤፍ ኤን ፋብሪካ ጋር ተዋዋለ። ፋብሪካው ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢትዮጵያ ከገዛቻቸው ማውዘር ጠመንጃዎች ከፊሎቹ የተሰሩት እዛ ነው። የብራውኒንግ የመጀመሪያው የኤፍ ኤን ሽጉጥ በመቶ ሺዎች ተሸጠ። ፈረንሳዮች ማንኛውንም እንዲህ ያለ ሽጉጥ በሰውዬው ስም ብራውኒንግ ብለው መጥራት ጀመሩ።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሽጉጦቹን የሚሰራው ኮልት ነበር። የመጀመሪያዎቹ የኮልት ሽጉጦች አንድ ችግር ነበረባቸው። እጀታቸው ወደ ታች ቀጥ ያለ ነው። አሁን ጠቋሚ ጣታችሁን ግድግዳ ላይ ቀስሩና የተቀሩትን ጣቶች እንደጨበጠ ሰው እጠፏቸው። መዳፋችሁ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ትንሽ ያዘነብላል። እጀታው ቀጥ ካለ አፈሙዙ ወደ መሬት ያጎነብሳል፤ ተኳሹ የእጅ አንጓውን እያስጨነቀ ነው ቀና የሚያደርገው።

የአሜሪካ ጦር አዲስ ሽጉጥ ሲፈልግ ብራውኒንግ ለዓመታት እየቀያየረ ሞከረ። እጀታው አዘነበለ፤ ከቀጥታው ወደ 18 ዲግሪ ገደማ። ከእጀታው ጀርባ መዳፍ ካልጨበጣት በስተቀር ቃታው እንዳይሰራ የምታደርግ መጠበቂያ ገባች። መጋቢት 1911 በተደረገው ፈተና አንዱ ሽጉጥ 6,000 ጥይት ተተኩሶበት አንዴም አልከሸፈም። ጦሩ በዚያው ወር ተቀበለው። ስሙም ከዓመቱ ተወሰደ፤ ኤም 1911።

ያም ሆኖ ለሁሉም እጅ አልሆነም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጣታቸው አጠር ያለ ወታደሮች ቃታው ራቃቸው፤ ከኋላ ያለችው መዶሻም የአንዳንዱን እጅ ትነክስ ነበር። ጦሩ በ1920ዎቹ ቃታውን አሳጠረ፣ ከቃታው ጀርባ ያለውን ብረት ለጣት ቦረቦረ፣ የእጀታውን ጀርባ አጎበጠ፣ መዶሻዋ እንዳትነክስም ከላይ ያለችውን ምላስ አስረዘመ። ሁሉም ለውጥ ሚሊሜትሮች ናቸው። ግን ብረት ነውና ከተሰራ በኋላ ለሁሉም ያው ነው፤ ትልቅ እጅ ያለውም ትንሽ እጅ ያለውም አንዱን ልክ ይካፈላል።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ብራውኒንግ ለእጅና ለኪስ እንዲመች ከሰራቸው አንዱ የ1910ሩ ትንሽ ሽጉጥ ነው። ለስላሳ ነው፤ ከኪስ ሲወጣ ጨርቅ የሚይዝ ነገር የለውም። ሰኔ 28 ቀን 1914 ሳራየቮ ላይ የ19 ዓመቱ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የኦስትሪያውን አልጋ ወራሽና ባለቤቱን የገደለው በዚህ ሞዴል ነው። ከዛ በኋላ የመጣውን ታውቃላችሁ፤ ሚሊዮኖች ያለቁበት ጦርነት። ጦርነቱን ሽጉጡ አላመጣውም። ግን ትንሽ መሆኑ፣ ቶሎ መውጣቱ፣ በአንድ እጅ መታዘዙ፣ ሰሪው የተጠበበበት ሁሉ በዛች ደቂቃ ያገለገለው ገዳዩን ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የፈረንሳይ ጦር ብዙ ጥይት የሚይዝ ሽጉጥ ፈለገ። ኤፍ ኤን ስራውን ለብራውኒንግ ሰጠ። ችግሩ ግልፅ ነው፤ ጥይት ሲበዛ ካዝናው ይወፍራል፣ ካዝናው ሲወፍር እጀታው ይወፍራል፣ እጀታው ሲወፍር ጣት ቃታው ጋ አይደርስም። መፍትሔውን ያመጣው ዲዮዶኔ ሴቭ የተባለ የፋብሪካው ባለሙያ ነው። ጥይቶቹን በአንድ ረድፍ ከመደርደር ይልቅ እንደ ጥርስና ጥርስ እያቆላለፈ በሁለት ረድፍ ደረደራቸው። ብራውኒንግ በዚህ ካዝና ዙሪያ አዲስ ሽጉጥ መስራት ጀመረ፤ የመብት ማመልከቻውንም በ1923 አስገባ።

ህዳር 26 ቀን 1926 ኸርስታል ፋብሪካ ውስጥ ስራ ላይ እያለ ልቡን አመመው። ልጁ ቫል ቢሮ ውስጥ አረፈ። 71 ዓመቱ ነበር። በስሙ 128 የፈጠራ መብቶች ተመዝግበዋል። ያመለከተበት የመጨረሻው ሽጉጥ መብት የፀደቀው ከሞተ ከሦስት ወር በኋላ ነው።

ስራውን ሴቭ ቀጠለበት። በ1935 ሃይ ፓወር ተብሎ ሲወጣ 13 ጥይት ይይዛል፣ ግን እጀታው እጅ ይሞላል እንጂ አያስጨንቅም። ከዛ ጀርመን ቤልጂየምን ያዘች። ፋብሪካው ሽጉጡን ለናዚ ጦር መስራት ቀጠለ። ሴቭ ወደ እንግሊዝ አመለጠ፤ ካናዳ ውስጥም ያው ሽጉጥ ለተቃራኒው ወገን ተሰራ። በአንድ ጦርነት ሁለቱም ወገን የሟቹን ሰውዬ ሽጉጥ ይዞ ተዋጋ። ለእጅ የሚመች እቃ የማን እጅ እንደሆነ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኦስትሪያ ጦር አዲስ ሽጉጥ ሲፈልግ፣ የመጋረጃ ዘንግና ቢላ ይሰራ የነበረው ጋስተን ግሎክ ገላው ከፖሊመር፣ ማለትም ከጠንካራ ፕላስቲክ የሆነ ሽጉጥ አቀረበ። ፕላስቲክ ሽጉጥ በመስራት የመጀመሪያው አልነበረም፤ ገበያውን የቀየረው ግን እሱ ነው። 17 ጥይት ይይዛል፣ ከብረቶቹ በጣም ይቀላል። ከፈታችሁት ግን ብራውኒንግ ውስጡ አለ፤ ከላይ ተንሸራታቹ ብረት፣ ሲተኮስ ኋላው ዝቅ ብሎ የሚላቀቀው አፈሙዝ፣ እጀታው ውስጥ የተቆላለፉት ሁለት ረድፍ ጥይቶች።

ፕላስቲክ የጨመረው ለእጅ ነው። በብረት ሽጉጥ ላይ ከገላው ውጪ የእንጨት ወይም የጎማ ሽፋን ይለበጣል፤ በፖሊመር ግን ገላውና እጀታው አንድ ናቸው፣ ስለዚህ እጀታው ብዙ ጥይት ይዞም ይቀጥናል። የግሎክ እጀታ ወደ 22 ዲግሪ ስለሚያዘነብል በ1911ዱ የለመደ ሰው ሲያነሳው አፈሙዙ ወደ ላይ ይሄድበታል። አራት ዲግሪ ልዩነት ናት፣ ግን እስከዛሬ ታከራክራለች፤ በኋላ የመጡ አንዳንድ ፋብሪካዎች ወደ ብራውኒንግ ማዕዘን ተመልሰዋል። በ1990ዎቹ የወጣው የጀርመኑ ዋልተር ፒ 99 ደግሞ የእጀታው ጀርባ በትንሽ፣ በመካከለኛና በትልቅ ልክ እንዲቀያየር አደረገ። የአሜሪካ ጦር በ2017 የመረጠው የሲግ ሳወር ሽጉጥም እጀታው ሙሉ ለሙሉ ይቀየራል። ብረቱ ሊያደርገው ያልቻለው ይሄን ነበር፤ ለእያንዳንዱ እጅ የራሱን ልክ መስጠት።

ኦግደን ውስጥ የተሰበረ ጠመንጃ እየፈታ ያደገው ልጅ ይሄን ቢያይ በጣም ደስ የሚለው ይመስለኛል። ወዲያው ይዞ፣ ጨብጦ፣ ጣቱን ዘርግቶ ይለካው ነበር። ሳራየቮ ያለውን ጥያቄ ግን ምንም ማዕዘን አያስተካክለውም። እጅ ላይ ልክ እንዲቀመጥ ማድረግ የሰሪው ስራ ነው፤ የሚይዘው ምን ያደርግበታል የሚለው ደግሞ የሁላችንም። እናንተስ ምን ትላላችሁ፣ አንድ ሰው የሰራው እቃ ለዋለበት ነገር እስከ የት ድረስ ይጠየቃል?