ታንክ የሠራው የመኪና ሰው፦ ሉዊ ሬኖ

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን የፈረንሳዊውን የሉዊ ሬኖን ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። መልካም ንባብ!

ሉዊ እ.ኤ.አ. በ1877 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቦቹ ጨርቅና የልብስ ቁልፍ የሚነግዱ ሀብታሞች ነበሩ። እሱ ግን ከንግዱም ከትምህርቱም ይልቅ ሞተር መፈታታት ነበር የሚወደው። በ1898 ገና በ21 ዓመቱ፣ በግቢያቸው ባለች ትንሽ ቤት ውስጥ አንድ ባለ ሦስት ጎማ ሞተር ብስክሌት ፈታትቶ ባለ አራት ጎማ መኪና ሠራ። አዲስ ዓይነት ካምቢዮም ገጠመላት። በገና ዋዜማ ሌፒክ የሚባለውን ዳገት ሲወጣባት ያዩ ሰዎች በዚያው ምሽት 12 መኪና አዘዙት። በዓመቱ ከወንድሞቹ ከማርሴልና ከፈርናን ጋር ድርጅት አቋቋመ። የሚያሳዝነው ግን ማርሴል በ1903 በመኪና ውድድር ላይ ሞተ፤ ፈርናንም በ1909 አረፈ። ሉዊ ብቻውን ቀረ።

በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሳ። ጀርመኖች ወደ ፓሪስ ሲጠጉ ወታደሮች በታክሲ ተጭነው ወደ ማርን ግንባር ሄዱ። አብዛኞቹ ታክሲዎች የሬኖ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጄኔራል ኤስቲየን ታንክ እንዲሠራ ሲጠይቀው ሉዊ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ በኋላ ግን እሺ አለ። የዚያን ጊዜ ታንኮች በጣም ትልልቅ ነበሩ። የሬኖ ኤፍ ቲ ግን ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ ትንሽ ታንክ ነበር። ሞተሩ ከኋላ ነው። መሣሪያው ያለበት የላይኛው ክፍል ደግሞ ዙሪያውን ይሽከረከራል። በ1918 ጦር ሜዳ ገባ፤ ከ3,000 በላይም ተሠራ። ዛሬ የምናያቸው ታንኮች አብዛኞቹ ቅርጻቸው የመጣው ከእሱ ነው።

ሉዊ በአገሩ ጀግና ተባለ። ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1940 ጀርመኖች ፈረንሳይን ያዙ። ፋብሪካውም ለጀርመን ጦር የጭነት መኪና ይሠራ ጀመር። በ1942 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ፋብሪካውን ደበደቡት፤ በአካባቢው የሚኖሩ ብዙ ሰዎችም አለቁ። በ1944 ፓሪስ ነፃ ስትወጣ ሉዊ ለጠላት ሠርቷል ተብሎ ታሰረ። ፍርድ ሳያገኝ በጥቅምት ወር ሞተ። በ1945 መንግሥት ድርጅቱን ወረሰው።

ተገዶ ነው የሠራው የሚሉ አሉ፤ ፋብሪካውን ላለማጣት ብሎ ነው የሚሉም አሉ። ፍርድ ሳይሰጥ ስለሞተ ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም። እኛ ከታሪኩ የተማርነው ጎበዝ ባለሙያ መሆን ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ ሙያችን ለማን እንደሚያገለግልም ማሰብ አለብን።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ጽፋችሁ በክበባችን የአስተያየት ሳጥን ውስጥ ክተቱልን። በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!