የመቀበሪያ ገንዘብ ያልተረፈው ሱልጣን

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣

 እኛ ዕድሜያችንን በጽሕፈት ቤት መዝገብ ስናገላብጥ የጨረስን ጡረተኛ ነን። ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም፤ ያለፉ ሰዎችን ታሪክ ማንበብ ግን እንወዳለን። ዛሬ የምናወጋችሁ ከ800 ዓመት በፊት ስለሞተው ስለ ሱልጣን ሳላሃዲን ነው። ለምን እሱን እንደመረጥን መጨረሻው ላይ ይገባችኋል። ዓመቶቹን የጻፍነው በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ሳላሃዲን በ1137 ወይም በ1138 ገደማ ዛሬ ኢራቅ በምትባለው አገር፣ ተክሪት በምትባል ከተማ ተወለደ። ትውልዱ ከኩርዶች ነው። አባቱ አዩብ የከተማይቱ ምሽግ አዛዥ ነበር። አጎቱ ሺርኩህ ሰው በመግደሉ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ከተማይቱን ለቆ እንዲወጣ ተደረገ። ስለዚህ ልጁ ያደገው በስደት፣ በሶርያ ምድር ነው።

ጎልማሳ ሲሆን አጎቱን ተከትሎ ወደ ግብጽ ዘመተ። አጎቱ በ1169 ሲሞት በእግሩ ተተክቶ የግብጽ ወዚር፣ ማለት ዋና ሹም ሆነ። ያን ጊዜ ዕድሜው ሠላሳን ቢያልፍ ነው። ጌታው ኑረዲን በ1174 ሲሞት ደማስቆን ያዘ፤ በ1183 ደግሞ አሌፖን ጨመረ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ከገዛ ሃይማኖቱ ሰዎች ጋርም ብዙ ተዋግቷል።

በዚያ ዘመን ኢየሩሳሌም በመስቀል ጦረኞች እጅ ነበረች። እነሱ በ1099 ከተማይቱን ሲይዙ ብዙ ሙስሊምና አይሁድ ፈጅተው ነበር። ሳላሃዲን ጁላይ 4 ቀን 1187 ሐጢን በተባለ ስፍራ በውሃ ጥም የተቃጠለውን ሠራዊታቸውን ድል አደረገ። የተማረከውን ንጉሣቸውን ቀዝቃዛ መጠጥ ሰጥቶ አዳነው። ከምርኮኞቹ መካከል ወደ 200 የሚሆኑትን መነኮሳት ወታደሮች ግን አስገደላቸው። የሰው ታሪክ ሲጻፍ ደጉም ክፉውም መጻፍ አለበትና ይህንንም አንደብቅም።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 2 ቀን ኢየሩሳሌም እጇን ሰጠች። ሕዝቡ ቤዛ እየከፈለ እንዲወጣ ስምምነት ተደረገ፦ ወንድ 10 ዲናር፣ ሴት 5 ዲናር። ለ7,000 ያህል ድሆች 30,000 ዲናር በጥቅሉ ተከፈለ። የሱልጣኑ ወንድም አል አዲል 1,000 ድሆች ለምኖ ነፃ አወጣ፤ ሳላሃዲንም መክፈል ያቃታቸውን ሽማግሌዎች ለቀቀ። እንዲያም ሆኖ የሚከፍሉት ያጡ ብዙ ሺህ ሰዎች ለባርነት ተዳርገዋል። የ1099 ዓይነት እልቂት ግን አልደረሰም።

ከዚያ በኋላ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ መጣ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ በሴፕቴምበር 1192 የሦስት ዓመት እርቅ ተዋዋሉ። ኢየሩሳሌም በሳላሃዲን እጅ ቀረች፤ ክርስቲያኖችም መሣሪያ ሳይዙ እየመጡ እንዲሳለሙ ተፈቀደ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። የግብጽና የሶርያ ግብር በዚህ ሰው እጅ ያልፍ ነበር፤ እጁ ላይ ግን አይቆይም። ከአጠገቡ ያልተለየውና የሠራዊቱ ዳኛ የነበረው በሃኡዲን ኢብን ሸዳድ ሕይወቱን ጽፎ ትቶልናል። እሱ እንደመሰከረው፣ ግምጃ ቤት ጠባቂዎቹ ድንገት ችግር ቢመጣ ብለው ከጌታቸው ደብቀው ትንሽ ገንዘብ ያስቀምጡ ነበር። ካወቀማ ለለማኝ ሰጥቶ ይጨርሰዋላ!

በፌብሩዋሪ 1193 ደማስቆ ላይ ንዳድ ያዘውና ማርች 4 ቀን ሞተ። ዕድሜው 55 ገደማ ነበር። ግምጃ ቤቱ ሲከፈት የተገኘው 47 የብር ድርሃምና 1 የወርቅ ዲናር ብቻ ነው። ቤት የለ፣ መሬት የለ። የቀብሩ ወጪ በብድር ተሸፈነ፤ ለመቃብሩ ጭቃ ማቡኪያ የሚሆነው ጭድ ሳይቀር በብድር ተገዛ። ከፈኑን ያመጣለት የጽሕፈት ሹሙ አል ቃዲ አል ፋዲል ነው። ስንት ጦር ያዘዘ ሰው የመጨረሻ ልብሱን ከጸሐፊው አገኘ ማለት ነው። በኋላም በ1195 አስከሬኑ በደማስቆ በታላቁ የኡመያድ መስጊድ አጠገብ ወደተሠራለት መቃብር ተዛወረ።

ታዲያ ከዚህ ምን እንማር? ቸርነቱን ስናነብ ልባችን ይሞቃል። ወገኖቻችን ግን፣ ያ ጭድ ነገር ከአእምሯችን አልጠፋ አለን። እኛ በመዝገብና በደረሰኝ የኖርን ስለሆንን ለእነዚያ ገንዘብ ለሚደብቁት ጠባቂዎች እናዳላለን። ሱልጣን ሲሞት አበዳሪ ሞልቷል፤ ስሙ ራሱ መያዣ ነው። ከጎረቤታችን አንዱ በሌሊት ቢያርፍ ለባለቤቱ ማን ያበድራል? እድር የተፈጠረው ለዚህ ነው እኮ!

ከእኛ መካከል እኔ ምን ጎደለኝና ነው በየወሩ የማዋጣው እያለ ውዝፍ የሚያከማች አይጠፋም። ያ ሰው ይህንን ታሪክ ያስብ። ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ራሱን የሚቀብር ሰው የለም። ገንዘብ ያዣችንም ሣጥኑን ጠበቅ ሲያደርጉብን ቆጣቢነታቸውን እንደ ንፉግነት አንይባቸው። ለጋስ እንሁን፤ የቀብሩ ሣጥን ግን አይነካ።

ያለፉትን ነፍስ ይማር፤ እኛንም ቀባሪ አያሳጣን።