ዐፄ ሱስንዮስ፤ በአዋጅ የተከሉትን በአዋጅ የነቀሉ ንጉሥ

ጐንደርን ለማየት የሚሄድ ተማሪም ሆነ በዚያ ለሥራ የሚመደብ ወጣት ሹም የዐፄ ፋሲልን ግንብ ሳይጐበኝ አይመለስም። ከከተማው ወደ ደቡብ ጥቂት ራቅ ብሎ፥ አዘዞ ላይ፥ በገነተ ኢየሱስ የተቀበሩትን የፋሲልን አባት የሚያስታውስ ግን ብዙ አይደለም። እኚህ ንጉሠ ነገሥት ዐፄ ሱስንዮስ ናቸው። ዛሬ ስለ እርሳቸው ለአንባቢዎቻችን ለመተረክ የተነሣነው የጦር ሜዳ ጀግንነታቸውን ለማውሳት ብቻ አይደለም፤ ሰውን ማስተማርና ሰውን ማስገደድ የቱን ያህል የተለያዩ ነገሮች እንደ ሆኑ ከእርሳቸው ሕይወት አብልጦ የሚያሳይ ታሪክ በአገራችን እምብዛም ስለማይገኝ ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሱስንዮስ የዐፄ ልብነ ድንግል የልጅ ልጅ የነበሩት የአቤቶ ፋሲል ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው በኦሮሞ ጦር ተማርከው ከአንድ ዓመት በላይ ከማረኳቸው ሰዎች ጋር ኖሩ፤ በዚያም ቋንቋውንና የአዋጋጉን ስልት ተማሩ። ኋላም ዙፋኑን ለመያዝ በተነሡ ጊዜ ከተከታዮቻቸው ብዙዎቹ ኦሮሞዎች ነበሩ። በ1607 ዓ.ም. ጎል በተባለ ስፍራ ከዐፄ ያዕቆብ ጋር ተዋግተው ድል አደረጉ፤ በዚያው ጦርነት ንጉሡም ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስም ሞቱ። ሱስንዮስም ነገሡ፤ መቀመጫቸውንም በጣና ዳር በጐርጎራ፥ ኋላም ከዛሬይቱ ጐንደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው በደንቀዝ አደረጉ።

በዚያን ዘመን በአድዋ አጠገብ በፍሬሞና አንድ ፔድሮ ፓኤዝ የተባሉ የእስፓኝ ተወላጅ ቄስ ይኖሩ ነበር። እርሳቸውም ኢየሱሳውያን ከሚባሉት የካቶሊክ መነኰሳት ማኅበር ነበሩ። ወደ አገራችን ለመምጣት ሲሞክሩ በመንገድ ተይዘው ሰባት ዓመት በየመን በእስር ከቆዩ በኋላ፥ በ1603 ዓ.ም. የአርመን ነጋዴ መስለው በምጽዋ በኩል ገቡ። ግዕዝና አማርኛ ተምረው ሕፃናትን ማስተማር ያዙ። ከሱስንዮስ በፊት የነበሩት ዐፄ ዘድንግል በ1604 ዓ.ም. ባስጠሯቸው ጊዜ ፓኤዝ ሁለት ሕፃናት ተማሪዎቻቸውን ይዘው ቀረቡ፤ ልጆቹም በመኳንንቱ ፊት ለተጠየቁት ሁሉ መልስ በመስጠታቸው ንጉሡ እጅግ ተደነቁ። ነገር ግን ዘድንግል ቸኮሉ፤ ሕዝቡ ሳይሰማና ሳይረዳ የቅዳሜን ሰንበት የሚሽር አዋጅ አስነገሩ፤ በዚያው ዓመትም በተነሣባቸው ዐመፅ ተገደሉ። ይህ ለተከታዮቹ ነገሥታት በቂ ትምህርት ሊሆን በተገባው ነበር።

ሱስንዮስ ፓኤዝን ወደ ግቢያቸው ያቀረቡት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ ዙፋናቸው ገና ስላልጸና ከእስፓኝና ከፖርቱጋል ንጉሥ ወታደር ለማግኘት ተስፋ ያደርጉ ነበር። ሁለተኛ፥ ትምህርቱ እውነት ሆኖ ታያቸው። በንጉሡ ፊት የአገራችን መነኰሳትና ሊቃውንት በአንድ ወገን፥ ፓኤዝና የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በሌላ ወገን ሆነው በክርስቶስ ባሕርይ ነገር ይከራከሩ ጀመር። በክርክሩ ይጠቀስ የነበረው የባዕድ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ሊቃውንቱ ራሳቸው የሚያከብሩት ሃይማኖተ አበው ጭምር ነበር።

ክርክሩ በዚህ መንገድ ቢቀጥል ኖሮ ፍጻሜው ምን ይሆን እንደ ነበር ማንም ሊናገር አይችልም። ነገር ግን ዳኛው ከአንደኛው ተከራካሪ ጋር የወገነበት ሸንጎ የክርክር ስፍራ መሆኑ ይቀራል። ንጉሡ ሁለት ባሕርይ የሚለውን ትምህርት የሚቃወም ሁሉ እንዲቀጣ አወጁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በጥያቄ ይመለስ የነበረው ጥያቄ በጦር ይመለስ ጀመር። ጳጳሱ አቡነ ስምዖንና የንጉሡ አማች ዩልዮስ ተነሡ፤ በ1617 ዓ.ም. ሁለቱም በጦርነት ወደቁ። ቀጥሎም በ1620 ዓ.ም. የቅዳሜ ሰንበት እንዳይከበር በታዘዘ ጊዜ በጌምድር ዐመፀ፤ ይህም በኃይል ተመታ።

በ1622 ዓ.ም. ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን በግልጽ አስታወቁ። በዚያው ዓመት ፓኤዝ ሞቱ። በትዕግሥታቸውና በጨዋነታቸው ይታወቁ የነበሩት ሰው ሲጠፉ በ1625 ዓ.ም. የተተኩት ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ነበሩ። በ1626 ዓ.ም. በደንቀዝ ንጉሡ በመኳንንቱ ፊት ለሮማው ፓፓ ታዛዥ ለመሆን ማሉ። ወዲያው ካህናቱ እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ፥ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፥ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፥ ግዝረትም እንዲቀር ታዘዘ። የደንቢያ ወይም የላስታ ገበሬ ስለ ባሕርይ የሚደረገውን የሊቃውንት ክርክር ላይከታተል ይችላል፤ እንደገና ተጠመቅ ሲባል ግን አባቱና እናቱ ሳይጠመቁ ሞቱ መባሉ እንደ ሆነ ፈጥኖ ያስተውላል።

እምቢ ካሉት ሁሉ ስማቸው የገነነው እመቤት ወለተ ጴጥሮስ ናቸው። ባለቤታቸው የንጉሡ ከፍተኛ መኰንን ሳሉ እርሳቸው ትዳራቸውን ትተው መነኰሱ፤ አዲሱን ትምህርት ሕዝቡ እንዳይቀበል በየስፍራው ያስተምሩ ጀመር። ተይዘው በሸንጎ ቆሙ፤ ፓትርያርኩም አሳባቸውን ለማስለወጥ ብዙ ቢደክሙ አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ሦስት ዓመት ተጋዙ፤ ከግዞት ሲመለሱ ግን ተከታዮቻቸው በዝተው ጠበቋቸው። በእንፍራዝ ተጻፈ የሚባለው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታም ይህንኑ ዘመን ነው የሚተርከው። መጽሐፉን ማን እንደ ጻፈው ሊቃውንት እስከ ዛሬ ቢከራከሩም፥ ሁለቱም ወገን እውነቱ በእኔ ዘንድ ብቻ ነው ባለበት ጊዜ ሁለቱንም የሚመረምር ተጠራጣሪ እንደሚነሣ ያስረዳናል።

ፍጻሜው በ1632 ዓ.ም. በሰኔ ወር ሆነ። የላስታ ገበሬዎች ወደ ንጉሡ ከተማ ሲገሠግሡ የሱስንዮስ ጦር ወይና ደጋ ላይ ገጠማቸው፤ 8,000 የሚያህሉም ሞቱ። ድሉ የንጉሡ ነበር። ነገር ግን ልጃቸው ፋሲልና መኳንንቱ፥ በሜዳው የተጋደሙት ሙታን የውጭ ጠላት ሳይሆኑ ወገኖቻቸውና ክርስቲያኖች መሆናቸውን ለታመሙት ንጉሥ አመለከቱ። ሱስንዮስም ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት፥ ካህናቱም ወደ ቀድሞው ቅዳሴያቸው እንዲመለሱ በአዋጅ አስነግረው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። ራሳቸው ግን ከተቀበሉት እምነት ሳይለዩ በመስከረም ወር እንደ ሞቱ ኢየሱሳውያኑ ጽፈዋል።

ሁሉንም መናገር ስለሚገባን፥ ያሸነፈውም ወገን ያንኑ በትር እንዳነሣ አንሰውርም። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ በ1638 ዓ.ም. ሁለት የካቶሊክ መነኰሳት በጐንደር ተሰቀሉ። ክርክሩ በዚህ ጊዜም በማስረዳት አልተዘጋም።

አንድ ሰው እምነቱን በነጻነት ሲለውጥ ወይም ሲያጸና የራሱ ጉዳይ ነው፤ ሱስንዮስም ያመኑበትን ማመናቸው አያስነቅፋቸውም። ስሕተታቸው ለራሳቸው በዓመታት ጥያቄና መልስ የገባቸውን ነገር ሌላው በአንድ ቀን አዋጅ እንዲቀበለው መፈለጋቸው ነው። ታላቅነታቸው ደግሞ፥ ድል በእጃቸው ሳለ የገዛ አዋጃቸውን መሻራቸው ነው። ነገ በመምህር ወንበር ወይም በሹመት ወንበር የምትቀመጡ ወጣቶች ወደ ጐንደር በሄዳችሁ ጊዜ አዘዞንም እንድትጐበኙ እንመክራለን። የሚጠይቃችሁን ተማሪ ወይም ባለ ጉዳይ ዝም ለማሰኘት ሥልጣኑ ይኖራችኋል፤ በዚያ ጊዜ ወይና ደጋን ማስታወስ ይጠቅማችኋል።